ዊልያም ኮሊና የነቀርሳ ሕክምና

ነቀርሳ ከጥንት ጀምሮ የሰውን ልጅ ሲያሠቃይ የኖረ ደዌ ነው። በጥንታዊት ግብፅ ከተጻፉት የሕክምና ጽሑፎች አንዱ ስለ ጡት እባጭ ካወሳ በኋላ መድኃኒት እንደሌለው ገልጾ ያልፋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሺህ ዓመታት ቢያልፉም፣ እስከ አሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ድረስ ሐኪሞች በዚህ በሽታ ላይ የሚያነሡት መሣሪያ ስለት ብቻ ነበር። በ1846 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ኤተር የተባለው ማደንዘዣ በይፋ ስለተፈተነና ከዚያም በኋላ ቁስል እንዳያመረቅዝ የሚደረገው ጥንቃቄ ስለተስፋፋ ቀዶ ሕክምና እጅግ ተሻሽሎ ነበር። ይሁን እንጂ ከሥሩ ተቆርጦ ወጣ የተባለው ነቀርሳ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ሲያቆጠቁጥ፣ ሐኪሙም ሕመምተኛውም ፍጻሜውን ከመጠባበቅ በቀር ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። የሰው ሰውነት ራሱ በነቀርሳ ላይ እንዲነሣ ማድረግ ይቻላል ብሎ ያሰበና ይህንንም አሳብ በሥራ ለመፈተን ዕድሜውን የሰጠ አንድ ሐኪም ነበር። ስሙ ዊልያም ኮሊ ይባላል። በዚህ ታሪክ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዊልያም ብራድሊ ኮሊ በጃንዋሪ 12 ቀን 1862 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኮኔቲከት ግዛት፣ በዌስትፖርት ተወለደ። ዬል ከተባለው ስመ ጥር ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገብቶ በ1884 ዓ.ም. ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ወደ ምዕራባዊው የአገሪቱ ጫፍ ተጉዞ በፖርትላንድ ከተማ የላቲንና የግሪክ ቋንቋ መምህር ሆነ። ሁለት ዓመት ካስተማረ በኋላ ግን ልቡ ወደ ሕክምና ስላዘነበለ ወደ ሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ። በዚያ ጊዜ የሕክምና ትምህርት እንደ ዛሬው ረጅም ስላልነበረ በ1888 ዓ.ም. ተመረቀ። ወዲያውም በኒው ዮርክ ሆስፒታል ተለማማጅ ሐኪም ሆኖ የቀዶ ሕክምና ሥራውን ጀመረ። እጁ የቀና፣ ትጉህና መልካም ጠባይ ያለው ወጣት ስለነበረ በታላላቆቹ ሐኪሞች ዘንድ ቶሎ ታወቀ። በዚሁ መንገድ ቢቀጥል ኖሮ ምናልባት ሀብትና ክብር ያለው የከተማ ሐኪም ሆኖ ይኖርና ስሙ ከእርሱ ጋር ይቀበር ነበር።

የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠው ግን የአንዲት ልጃገረድ ሞት ነው። ኤሊዛቤት ዳሺል ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት፣ የታላቁ ባለጸጋ የጆን ሮክፌለር ልጅ እንደ እኅቱ የሚያያት ወዳጁ ነበረች። በ1890 ዓ.ም. አሜሪካን በባቡር አቋርጣ ስትጓዝ እጅዋ በሁለት መቀመጫዎች መካከል ገብቶ ተጨፈለቀ። ጉዳቱ ቀላል ይመስል ነበር። ነገር ግን እብጠቱ አልጎድል፣ ሕመሙም አልበርድ ስላላት በኦክቶበር ወር ወደ ኮሊ ዘንድ መጣች። ኮሊ በዚያ ጊዜ የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ነበር። በመጀመሪያ ያመረቀዘ ቁስል መስሎት እጅዋን ከፍቶ ቢመረምር ብዙ መግል አላገኘም፤ የተወሰደው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲታይም ሳርኮማ የተባለው የአጥንትና የጅማት ነቀርሳ መሆኑ ታወቀ። በኖቬምበር ወር ክንድዋን ከክርንዋ በታች ቆረጠው። በዘመኑ የሕክምና ዕውቀት መሠረት ማድረግ የሚገባውን ሁሉ አድርጓል። ሆኖም ነቀርሳው ክንዱ ከመቆረጡ በፊት በደም ሥር አልፎ በሰውነትዋ ሁሉ ተሠራጭቶ ነበርና በጃንዋሪ 1891 ዓ.ም. በወላጆችዋ ቤት አረፈች። በሽታው ከታወቀ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም።

ብዙ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ኀዘን ከሥራቸው ጋር እንደሚመጣ ዕዳ ቆጥረው ያልፉታል። ኮሊ ግን ወደ ኒው ዮርክ ሆስፒታል መዝገብ ቤት ገባና ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት በሆስፒታሉ የታከሙትን የሳርኮማ ሕመምተኞች ታሪክ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ። የእያንዳንዱ መዝገብ ፍጻሜ ይመሳሰላል፤ ተቆረጠ፣ ተመልሶ መጣ፣ ሞተ የሚል ነው። በመካከሉ ግን ከሌሎቹ የተለየ አንድ መዝገብ አገኘ። ስታይን የተባለ ከጀርመን የመጣ ስደተኛ በአንገቱ ላይ የበቀለበት እባጭ ደጋግሞ ተቆርጦ ደጋግሞ ተመልሶበት ነበር። በመጨረሻ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ሳለ ሌላ በሽታ ተጨመረበት። ይህም በሽታ ኤሪሲፔላስ የሚባለው ነው። ቆዳን እንደ እሳት የሚያቀላ፣ የሚያሳብጥና ብርቱ ትኩሳት የሚያስነሣ ልክፈት ሲሆን፣ የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ተሐዋስያን ነው። በዚያ ዘመን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስል ላይ እየወደቀ ብዙ ሰው ይገድል ስለነበር ሐኪሞች እጅግ ይፈሩት ነበር። ስታይን ግን አልሞተም። ትኩሳቱ በተነሣ ቁጥር እባጩ እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ ጨርሶ ጠፋ፤ ሰውየውም ድኖ ከሆስፒታሉ ወጣ።

መዝገቡ በዚህ ላይ ያበቃል። ሰውየው ከወጣ በኋላ ምን እንደ ሆነ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር የሚገልጽ ነገር አልነበረበትም። ኮሊ በዚህ አልረካም። በኒው ዮርክ ምሥራቃዊ ሰፈር፣ ድኾች ስደተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩባቸው ፎቅ ቤቶች ከደረጃ ደረጃ እየወጣ፣ ከበር በር እያንኳኳ ሰውየውን መፈለግ ያዘ። በመጨረሻም አገኘው። በአንገቱ ላይ ትልቅ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ነበረበት፤ ጤናው ግን የተሟላ ነበር። ከታመመ ሰባት ዓመት አልፎታል፤ ነቀርሳው አልተመለሰም። በወረቀት ላይ የተጻፈውን ተአምር ማንበብና ተአምሩ የተፈጸመበትን ሰው በዓይን ማየት አንድ አይደሉም።

በእርግጥ ነገሩን ከኮሊ በፊት ያስተዋሉ ሌሎችም ነበሩ። በጀርመን አገር ቡሽ የተባለ ሐኪም ሆን ብሎ ኤሪሲፔላስን ወደ ሕመምተኛ አስተላልፎ ነበር፤ ፌላይዘን የተባለውም የበሽታውን ተሐዋስያን ለይቶ ካወቀ በኋላ እንዲሁ አድርጓል። ሆኖም ሁለቱም ሙከራቸውን አልገፉበትም። ኮሊ ሙከራውን እንደገና አንሥቶ አርባ ዓመት ሙሉ ሳይተው ይዞት ዘለቀ።

የመጀመሪያው ሕመምተኛ ዞላ የሚባል የኢጣሊያ ስደተኛ ነበር። ነቀርሳው ጉሮሮውንና አንገቱን ስለያዘው ምግብ መዋጥና መናገር አስቸግሮት ነበር። የሚኖረው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ እንደ ሆነ ይታመን ነበር። በሜይ 1891 ዓ.ም. ኮሊ ሕያው ተሐዋስያንን በመርፌ እባጩ ውስጥ ይጨምርለት ጀመር። በመጀመሪያ መጠነኛ ትኩሳት መጣ፤ እባጩም ጥቂት ቀነሰ፤ መርፌው ሲቋረጥ ግን ተመልሶ አደገ። በኦክቶበር ወር፣ የሳንባ ነቀርሳን ተሐዋስያን ያገኘው የታላቁ ሊቅ የሮበርት ኮኽ ቤተ ሙከራ ከነበረበት ከበርሊን ኃይለኛ የተሐዋስያን ዘር መጣለት። ይህን በወጋው ጊዜ ዞላን ብርቱ ብርድ አንቀጠቀጠው፤ ትኩሳቱም እጅግ ስለጨመረ ሕይወቱ ከሞት አፋፍ ደረሰች። በሁለተኛው ቀን እባጩ መፍረስና መፍሰስ ጀመረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በአንገቱ ላይ የነበረው ጠፋ። ዞላ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ያህል ኖረ።

ስለዚህ ሥራ የዛሬ አንባቢ ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ። ሕመምተኛን ለማዳን ብሎ ሌላ ገዳይ በሽታ በገዛ እጅ መስጠት ተገቢ ነውን? በዚያ ዘመን ሐኪም በሰው ላይ የሚያደርገውን ሙከራ አስቀድሞ የሚመረምር ሸንጎ አልነበረም፤ ሕመምተኛውም ስምምነቱን በጽሑፍ አይጠየቅም ነበር። ነገሩ አሳሳቢ መሆኑ ብዙ ሳይቆይ ታየ። ከመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች መካከል ሁለቱ የሞቱት ነቀርሳው ገድሏቸው ሳይሆን የተሰጣቸው ኤሪሲፔላስ አይሎባቸው ነው። በሌሎቹ ላይ ደግሞ ኮሊ የቱንም ያህል ቢሞክር ልክፈቱ አልይዝ አላቸው። ስለዚህ ሕያዉን ተሐዋስያን ትቶ፣ በሙቀት የተገደሉ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎችን ቀላቅሎ መርፌ አዘጋጀ። ይህ ድብልቅ በኋላ የኮሊ መርዝ ተብሎ ተጠራ። ስሙ ያስፈራ እንደ ሆነ እንጂ፣ የሞተ ተሐዋስያን መባዛት ስለማይችል ሐኪሙ መጠኑን ሊቈጣጠረው ይችላል። ኮሊ ከትንሽ መጠን ጀምሮ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ እየጨመረ፣ ሕመምተኛው ብርቱ ትኩሳት እስኪይዘው ድረስ ይሰጠው ነበር። ለኮሊ ትኩሳቱ የሕክምናው ጉዳት አልነበረም፤ የሚፈልገው ምልክት ነበር።

አዲሱ መርፌ በጃንዋሪ 1893 ዓ.ም. በአሥራ ስድስት ዓመት ወጣት ላይ ተፈተነ። ልጁ በሆዱ ውስጥ ካደገው ግዙፍ እባጭ የተነሣ ከአልጋ መነሣት አይችልም ነበር። ለብዙ ሳምንታት መርፌው ሲሰጠው እባጩ እየሟሸሸ ሄደና በበጋው መግቢያ ላይ ከሆስፒታል ወጣ። ወጣቱ አድጎ፣ ሠርቶ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ከኖረ በኋላ የሞተው በልብ ሕመም ነው። በዚያው ዓመት ኮሊ የአሥር ሕመምተኞችን ታሪክ ጽፎ አሳተመ። ፓርክ ዴቪስ የተባለው የአሜሪካ መድኃኒት ፋብሪካም ከ1899 ዓ.ም. ጀምሮ መርፌውን እያዘጋጀ ለሐኪሞች ይሸጥ ጀመር። ኮሊ በሕይወት ዘመኑ በዚህ መንገድ ያከማቸው ሕመምተኞች አንድ ሺህ ያህል ይሆናሉ።

እንዲህ ያለ ሕክምና በአንድ ጊዜ በዓለም ሁሉ ይስፋፋል ተብሎ ይገመት ይሆናል። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። በ1894 ዓ.ም. የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የኮሊን መርፌ አጥብቆ ነቀፈ። ሌሎች ሐኪሞች በየበኩላቸው ሞክረው እንዳልሠራላቸው ይጽፉ ጀመር። በ1895 ዓ.ም. ሮንትገን ኤክስሬይን፣ በ1898 ዓ.ም. ኩሪዎቹ ራዲየምን ስላገኙ የብዙ ሐኪሞች ዓይን ወደ ጨረር ዞረ። ጨረር የተወሰነ መጠን ያለው፣ ሐኪሙ በፈለገው ቦታ ላይ የሚያሳርፈው፣ በአብዛኛው ሕመምተኛም ላይ ወዲያው ለውጥ የሚያሳይ ኃይል ነበር። ኮሊ ራሱም ኤክስሬይን ቀድመው ከሞከሩት ሐኪሞች አንዱ ነው፤ ነገር ግን እባጩን ለጊዜው እንጂ ለዘለቄታው እንደማያጠፋው አስተዋለ።

ዋናው ተቃዋሚው በሜሞሪያል ሆስፒታል አብሮት ይሠራ የነበረው ጄምስ ዩዊንግ ነበር። ዩዊንግ ስለ ነቀርሳ ሕዋሳት ከማንም የበለጠ የሚያውቅ ሊቅ ነው፤ ዛሬም አንድ የአጥንት ነቀርሳ በስሙ ይጠራል። ዳግላስ የተባለ የማዕድን ባለሀብት ለሆስፒታሉ ገንዘብና ራዲየም በሰጠ ጊዜ የዩዊንግ ሥልጣን ከፍ አለ፤ የጨረር ሕክምናም የሆስፒታሉ ዋና ሥራ ሆነ። ዩዊንግ የኮሊ መርፌ ዋጋ እንደሌለው ያምን ስለነበር፣ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር እየሠሩ ለብዙ ዓመታት ሳይስማሙ ኖሩ። በዚህ ክርክር አንዱን ጻድቅ፣ ሌላውን ኃጥእ አድርጎ ማየት ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይሆንም። የዩዊንግ ጥርጣሬ መሠረት ነበረው። የኮሊ መርፌ አሠራር ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለዋወጥ ነበር፤ ከአሥር የሚበልጡ ዓይነቶች ነበሩት፤ አንዱ ጠንካራ፣ ሌላው ከውሃ ያልተሻለ ነበር። አንዳንዱ ሐኪም በእባጩ ውስጥ፣ ሌላው በጡንቻ ውስጥ ይወጋዋል፤ አንዱ ለወራት፣ ሌላው ለጥቂት ቀናት ይሰጠዋል። ከኮሊ ሕመምተኞች አንዳንዶቹ በእርግጥ ነቀርሳ እንደ ነበረባቸው በማይክሮስኮፕ አልተረጋገጠም። ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት ግን ሌላ ነው። መርፌውን ከተቀበሉት ጋር የሚነጻጸሩ፣ በዕድሜና በበሽታ ደረጃ የሚመስሏቸው፣ መርፌውን ያልተቀበሉ ሰዎች አልነበሩም። እንዲህ ያለ ማመሳከሪያ ከሌለ ከዳኑት ውስጥ ስንቱን መርፌው እንዳዳነ፣ ስንቱ ደግሞ በሌላ ምክንያት እንደ ዳነ መለየት አይቻልም። ኮሊ የዳኑ ሰዎችን ማሳየት ይችል ነበር፤ መርፌው እንዳዳናቸው ማስረዳት ግን አልቻለም። እርግጥ ነው፣ በዚያ ዘመን በዕጣ የተለዩ ሕመምተኞችን እያነጻጸሩ መድኃኒትን የመፈተን ልማድ ገና አልተጀመረም ነበር፤ የጨረር ደጋፊዎችም ቢሆኑ እንዲህ ያለ ማስረጃ አልነበራቸውም።

በተቀረው ሥራው ኮሊ የተከበረ ሰው ነበር። የቡአ ቀዶ ሕክምናን በማሻሻል ታውቋል። በ1891 ዓ.ም. አሊስ ላንካስተርን አግብቶ ልጆች ወልዷል፤ ልጁ ብራድሊም እንደ አባቱ የአጥንት ነቀርሳ ሐኪም ሆነ። በ1935 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የክብር አባል አድርጎ መረጠው። በኤፕሪል 16 ቀን 1936 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሞተ። ዩዊንግ ከእርሱ በኋላ ሰባት ዓመት ኖሮ በ1943 ዓ.ም. አረፈ፤ የገደለውም የፊኛ ነቀርሳ ነበር።

ኮሊ ሲሞት ሥራው አብሮት ሊቀበር ነበር፤ ያዳነችው ሴት ልጁ ሔለን ናት። ሔለን ኮሊ ናውትስ ሐኪም አልነበረችም፤ ከፍተኛ ትምህርትም አልተማረችም። የአባቷን ታሪክ ለመጻፍ አስባ ወረቀቶቹን ስታገላብጥ በሺህ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎችና የሕመምተኞች ታሪኮች አገኘች። አንብባቸው ልተዋቸው አላለችም። ስለ ሕክምና ቃላት ራስዋን አስተምራ፣ ለሐኪሞችና ለሕመምተኞች ቤተሰቦች እየጻፈች፣ ማን በምን ዓይነት መርፌ፣ ለስንት ጊዜ ታክሞ ስንት ዓመት እንደ ኖረ በዝርዝር መዘገበች። አባቷ በበር በር እየዞረ በአንድ ሰው ላይ የጀመረውን ፍለጋ እርስዋ በአንድ ሺህ ሰው ላይ ፈጸመችው ማለት ይቻላል። መርፌው ለብዙ ወራት ሳይቋረጥ ከተሰጣቸው መካከል ረጅም ዕድሜ የኖሩ ብዙዎች መሆናቸውን አሳየች። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ከሮክፌለር ቤተሰብ በተገኘ አነስተኛ ገንዘብ የነቀርሳ ምርምር ተቋም መሠረተች። ይሁን እንጂ የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ሕግ ስለጠበቀ በ1963 ዓ.ም. የኮሊ መርፌ ከታወቁት መድኃኒቶች ተራ ወጣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ካልተረጋገጡ ሕክምናዎች ዝርዝር ውስጥ ተጻፈ።

ጥያቄውን ከሔለን እጅ የተቀበሉት የላቦራቶሪ ሊቃውንት ናቸው። ሎይድ ኦልድ የተባለው ሐኪም በ1959 ዓ.ም. ለሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሚሰጠው ቢሲጂ የተባለው ክትባት በአይጦች ላይ ነቀርሳን እንደሚቋቋም ከባልደረቦቹ ጋር አሳየ። ይህ በሀገራችንም ሕፃናት እንደ ተወለዱ የሚከተቡት ክትባት ነው። በ1976 ዓ.ም. በካናዳ ሞራሌስ የተባለ ሐኪም ቢሲጂን በፊኛ ውስጥ በመጨመር የፊኛ ነቀርሳ ተመልሶ እንዳይመጣ ማድረግ እንደሚቻል ገለጠ። ስለዚህ ባክቴሪያን ለነቀርሳ ማዋል የሚረዳበት በሽታ ከኮሊ ተቃዋሚ ሕይወት ፍጻሜ ጋር አንድ ሆነ። ቢሲጂ እስከ አሁን ድረስ በዚህ በሽታ ሕክምና ይሠራበታል።

ኮሊ መርፌው ለምን እንደሚሠራ አያውቅም ነበር፤ የባክቴሪያው መርዝ እባጩን በቀጥታ የሚገድል ይመስለው ነበር። ዛሬ የሚታወቀው ሌላ ነው። በሰው ደም ውስጥ ቲ ሕዋሳት የሚባሉ ዘበኞች አሉ። እነዚህ ሕዋሳት ባዕድ ነገር ሲያገኙ ይገድላሉ፤ ነገር ግን የራስን አካል እንዳያጠፉ የሚገታቸው ልጓም ተፈጥሮላቸዋል። ነቀርሳ ከገዛ ሰውነት የበቀለ ስለሆነ ይህን ልጓም እየሳበ ዘበኞቹን ያቆማቸዋል። የኮሊ ትኩሳት ዘበኞቹን የሚቀሰቅስ አለንጋ ነበር፤ ልጓሙ ግን እንደተያዘ ስለነበር አንዳንዱ ሕመምተኛ ሲድን ብዙዎቹ አልዳኑም። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ሁለት ልጓሞችን ለይተው አጥንተው እነርሱን የማላላት መንገድ ስለከፈቱ በ2018 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማትን አብረው ተቀበሉ። ልጓም የሚያላላው የመጀመሪያው መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ሔለን ይህን ሳታይ በ2001 ዓ.ም. ዐርፋለች። መድኃኒቱ ጉዳት የሌለው አይደለም፤ ልጓም የወጣለት ዘበኛ አንዳንድ ጊዜ የሕመምተኛውን አንጀት ወይም ሳንባ ያጠቃልና።

ይህ ሁሉ ወደ ሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም የሳንባ ካንሰር ወደሚባለው፣ እንዴት እንደ ደረሰ ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ቃሉ እንዳያሳስት፣ ተሐዋስያን የሚያመጡት የሳንባ ነቀርሳ፣ በተለምዶ ቲቢ የሚባለው፣ ሌላ በሽታ ነው። ኮሊ ከመሞቱ ሦስት ዓመት በፊት፣ በኤፕሪል 1933 ዓ.ም.፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ ኤቫርትስ ግሬም የተባለ ሐኪም ካንሰር የያዘውን አንድ ሙሉ ሳንባ በአንድ ቀዶ ሕክምና አወጣ። ታካሚውም ሐኪም ነበር፤ ድኖ ወደ ሥራው ተመለሰ። ግሬም በ1950 ዓ.ም. ከዋይንደር ጋር ሆኖ የሲጋራ ማጤስን ከሳንባ ካንሰር ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያሳይ ጥናት ያወጣ ሲሆን፣ ራሱ ለብዙ ዘመን አጤስ ስለነበር በ1957 ዓ.ም. በዚያው በሽታ ሞተ። ያዳነው ታካሚ ከእርሱ በኋላ ኖሯል።

የነቀርሳ ሕዋሳትን በመድኃኒት የመግደል ሙከራ፣ ኬሞቴራፒ የሚባለው ማለት ነው፣ ከጦር ሜዳ መርዝ የመነጨ ነው። ኮሊ በሞተበት ዓመት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ አርበኞችና ገበሬዎች ላይ የሰናፍጭ ጋዝ የተባለውን መርዝ ያዘንቡ ነበር። የዚሁ ጋዝ ዘመድ የሆነ ኬሚካል ነጭ የደም ሕዋሳትን እንደሚያጠፋ ስለታወቀ፣ በ1942 ዓ.ም. ኮሊ በተማረበት በዬል ለአንድ የንፍፊት ነቀርሳ ሕመምተኛ በጥንቃቄ ተሰጠው። እባጩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሟሸሸ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የተሻሉ መድኃኒቶች ቢገኙም፣ ከሳንባ ቀዶ ሕክምና በፊት ወይም በኋላ ሲሰጡ የሚያተርፉት ሕይወት ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ነበር። ኤሊዛቤት ዳሺልን የገደላት ነገር፣ ስለቱ ከመድረሱ በፊት ሾልኮ በደም ውስጥ የተሰወረው የነቀርሳ ዘር፣ አሁንም ሐኪሞችን ያስቸግራቸው ነበር።

ስለዚህ ልጓም የሚያላላው መድኃኒት በተገኘ ጊዜ መቼ ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። እባጩ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ቢሰጥ ዘበኞቹ ጠላታቸውን የሚያውቁበት ነገር በጣም ጥቂት ነው። እባጩ ሳይወጣ ቢሰጥ ግን መላው እባጭ መማሪያ ይሆናቸዋል፤ ኬሞቴራፒውም ሕዋሳቱን እየሰባበረ ምልክታቸውን ያጋልጥላቸዋል፤ የተማሩትም ዘበኞች በደም ዞረው የተሰወረውን ዘር ያድናሉ። አሳቡ መልካም ነው። የሚያስፈራው ደግሞ ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ በሚያልፉት ሳምንታት በሽታው ቢገፋ፣ ወይም መድኃኒቱ ሕመምተኛውን አድክሞ ለስለት እንዳይበቃ ቢያደርገው የሚለው ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ሐኪሞቹ ኮሊ ያልነበረው ዘዴ ነበራቸው።

በብዙ አገሮች የሚኖሩ፣ እባጫቸው በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችል 358 የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞች ፈቃዳቸውን ሰጥተው በዕጣ በሁለት እኩል ክፍል ተለዩ። ለ179ኙ ኬሞቴራፒ ብቻ፣ ለ179ኙ ኬሞቴራፒና ኒቮሉማብ የተባለው ልጓም የሚያላላ መድኃኒት አንድ ላይ፣ በየሦስት ሳምንቱ ሦስት ጊዜ ተሰጣቸው። ከዚያም ቀዶ ሕክምና ተከተለ። መዘግየቱ ያመጣል የተባለው ጉዳት አልታየም፤ ሁለቱን መድኃኒቶች ከተቀበሉት ከመቶ 83፣ ኬሞቴራፒ ብቻ ከተቀበሉት ደግሞ ከመቶ 75 ያህሉ ለቀዶ ሕክምና በቁ። የወጣው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር፣ በመጀመሪያው ወገን ከመቶ 24ቱ ላይ አንድም ሕያው የካንሰር ሕዋስ አልተገኘም፤ በሁለተኛው ወገን እንዲህ የሆነላቸው ከመቶ 2.2 ብቻ ናቸው። ይህ ውጤት በ2022 ዓ.ም. ታተመ፤ በዚያው ዓመት በማርች ወር የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሕክምናውን ፈቀደ። አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ በተደረገው ቆጠራ በሕይወት የተገኙት ከአንዱ ወገን ከመቶ 65፣ ከሌላው ከመቶ 55 ያህል ሆኑ። ሥጋቸው ሲመረመር ንጹሕ ሆኖ የተገኘው ሕመምተኞች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መድኃኒቱን መቀጠል ያስፈልጋቸው እንደ ሆነ፣ ወይም በዚያው ቢያቆሙ እንደማይጎዳቸው ለማወቅ ሐኪሞች ምርምራቸውን ቀጥለዋል።